የሰኞ ጠዋት ልኬት

በደርግ ዘመን ባሕር ዳር ውስጥ ራጅ አንሺ ሆኜ የምሠራበት ሆስፒታል ሁለት ማሽን ነበረው። አንደኛው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ደረትና የተሰበረ አጥንት ያነሣል። ሁለተኛው በኮሪደሩ መጨረሻ ባለች ጠባብ ክፍል የቆመ፣ ምስል የማያወጣ፣ በጨረር ብቻ የሚያክም አሮጌ ማሽን ነበር። ጨረሩ ወደ ሰውነት ጠልቆ አይገባም። ፊት፣ ከንፈር ወይም ጆሮ ላይ የሚወጣ ካንሰር ግን በትንሽነቱ ከተደረሰበት ያጠፋ ነበር። ሲያጠፋ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ጥፋቱ የማሽኑ እንዳልነበረ እንዲታወቅ ነው።

ማሽኑን የተከሉት አንድ ሽማግሌ የውጭ አገር ባለሙያ ነበሩ። ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት አንድ ዓመት አስተማሩኝ፤ ከሁሉ አጥብቀው ያስተማሩኝ ልኬቱን ነው። ዘወትር ሰኞ ጠዋት፣ በሽተኛ ከመግባቱ በፊት፣ ማሽኑ በደቂቃ ምን ያህል ጨረር እንደሚሰጥ እለካለሁ። የሳምንቱ በሽተኞች ስንት ደቂቃ ከማሽኑ ሥር እንደሚተኙ የሚወሰነው በዚያ ልኬት ነው።

«ጨረር ሲያርፍብሽ አይታይም፣ አይሰማም» አሉኝ አንድ ቀን። «ብታሳንሺው ካንሰሩ ይመለሳል። ብታበዢው ሥጋው ይሞታል። የቱን እንዳደረግሽ የምታውቂው ከወራት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የምታደርጊው ነገር የለም።»

መለኪያዋ ጣት የምታህል ቀፎ ናት፤ በሽቦ ከአንድ ሳጥን ጋር ትያያዛለች። በቀፎዋ ውስጥ አየር አለ። ጨረሩ ያንን አየር ሲመታው ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ የሳጥኑ መርፌ ያንን ያሳያል። እንግዲህ አየሩ ስስ ሲሆን መርፌው ዝቅ ይላል፤ ጨረሩ ያነሰ ይመስላል እንጂ አላነሰም። ባሕር ዳር ደግሞ ከፍ ያለ አገር ስለሆነ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አገሮች አየር ይሳሳል። ስለዚህ ሽማግሌው የአየሩን ግፊት የሚያሳይ ባሮሜትር ግድግዳው ላይ ሰቅለው ነበር። በመስታወቱ ላይ በእጃቸው መስመሮች አሰመሩና ከመስመሮቹ ጋር የሚሄድ ሠንጠረዥ ሠሩልኝ። የሳጥኑ መርፌ እዚህ ቁጥር ላይ ከቆመ፣ ባሮሜትሩም እዚያ መስመር ላይ ካለ፣ የጨረሩ ልክ ይኸው ብሎ ሠንጠረዡ ይነግረኛል። የአየሩን ግፊት ራሱን በቁጥር አውቄው አላውቅም፤ ማወቅም አላስፈለገኝም።

መሪጌታው የመጡት በጥቅምት ነው። ከይፋግ በኩል፣ ከአንድ የገጠር ደብር የመጡ የድጓ መምህር ነበሩ። ዕድሜያቸው ስድሳን የተሻገረ ይመስለኛል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ሻሻቸውን አሳምረው የሚጠመጥሙ ሰው ናቸው። በታችኛው ከንፈራቸው ግራ በኩል የባቄላ ፍሬ የሚያህል የማይድን ቁስል ወጥቶባቸዋል። ይዛቸው የመጣችው ልጃቸው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ ዓባይ ማዶ ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ሕክምናው እስኪያልቅ እሷ ዘንድ ሊቀመጡ ነው።

የቆዳ በሽታ የሚያየው ዶክተር ከአንድ ሶሻሊስት አገር የመጣ ወጣት ነበር። ከቁስሉ ትንሽ ቆርጦ ካስመረመረ በኋላ፣ «ለጨረር የሚሆን ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለአምስት ሳምንት» አለኝ። እኔ ለመሪጌታው አስረዳሁ።

«አፌን አይወስድብኝም?» አሉኝ።

«አይወስድብዎትም የኔታ። ይልቅ ለአፍዎ ብለን ነው። በቢላ ቢቆረጥ ከንፈርዎ ይጎድላል፤ በዚህ ግን ሳይጎድል ይድናል።»

«ተማሪዎቼ ቃሉን የሚቀበሉት ከአፌ ነው። መጽሐፍ ላይ ያለው ምልክት ብቻውን ዜማ አይሆንም» አሉ። ከዚያም ጋቢያቸውን አጣጥፈው ለልጃቸው ሰጡና አልጋው ላይ ተጋደሙ።

ዓይናቸውን ጨረር በማያሳልፍ የእርሳስ መሸፈኛ ሸፈንሁላቸው፤ የማሽኑን አፍ ከንፈራቸው ላይ አስተካክዬ ወጣሁ፤ በሩን ዘግቼ በወፍራሙ መስታወት አየኋቸው። ምንም አልተንቀሳቀሱም። ሲያልቅ ገብቼ ዓይናቸውን ስገልጥ፣ «አራት መዝሙር ወሰደ» አሉኝ።

ለካ ተኝተው ዳዊት በልባቸው ይደግማሉ። ከመጀመሪያው መዝሙር ይጀምራሉ፤ አራተኛውን ሲፈጽሙ ማሽኑ ይቆማል። በሁለተኛው ቀንም እንዲሁ፣ በሦስተኛውም እንዲሁ ሆነ። እኔ ሰዓት ይዤ፣ እሳቸው ዳዊት ይዘው፣ እኩል እንገናኝ ነበር።

ሁለት ሳምንት እንደሄድን የሆስፒታሉ ግድግዳ ሁሉ ቀለም እንዲቀባ ትእዛዝ መጣ፤ ከላይ ባለ ሥልጣን ሊጎበኝ ነው ተባለ። ቀለም ቀቢዎቹ ቅዳሜ ዕለት እኔ በሌለሁበት ክፍሌን ከፈቱ። ሰኞ ስገባ ግድግዳው አዲስ ነው፤ ባሮሜትሩ ጥግ ላይ ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል። መስታወቱ ተሰብሯል፤ መርፌው ብነካውም ባልነካውም አይንቀሳቀስም። ማን እንደጣለው የሚነግረኝ አላገኘሁም።

አስተዳዳሪው ዘንድ ሄድሁ። ካድሬ ነበር፤ ሲቆጣም ሲስቅም ድምፁ አንድ ነው። «ጓድ፣ ይህ ዕቃ ከሌለ መለካት አልችልም» አልሁት። መጠየቂያ አጽፎ ፈረመና ወደ ላይ ላከ። መልሱ በሁለት ቀን በስልክ ደረሰ፦ ምንዛሬ የለም፣ ባለው ተጠቀሙ።

ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አየር ማረፊያው ግቢ ውስጥ የአየር ጠባይ የሚመዘግብ ጣቢያ አለ። የአየሩን ግፊት በየሰዓቱ ይለካሉ። ከተማው አንድ፣ አየሩ አንድ፤ ታዲያ ደውዬ ብጠይቃቸውስ? ዶክተሩ በጣም ደስ አለው። ከመጽሐፉ የስሌቱን ደንብ ቀድቶ ሰጠኝ፤ የግፊቱ ቁጥር ከገባበት ያለ ሠንጠረዡም ይሠራል። ከአስተዳዳሪው ቢሮ ደወልሁ። በትሕትና የሚናገር ሰው አነሣ።

«የዛሬውን የአየር ግፊት ይነግሩኛል?»

«አንድ ሺህ ሃያ» አለኝ።

አመስግኜው ዘጋሁ። በስሌቱ መሠረት ማሽኑ የሚሰጠው ጨረር ካለፈው ሳምንት በአንድ አምስተኛ ቀንሶ ተገኘ። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። በዚያው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በኃይል መጥቶ ስለነበረ፣ ዶክተሩ ሳያመነታ፣ «ጨረሩን የሚያወጣው ቱቦ ተጎድቷል፤ ደክሟል። ደቂቃውን ጨምሪ» አለኝ።

እዚህ ላይ መቆም ነበረብኝ። ቱቦው ደክሞ ቢሆን ኖሮ የሳጥኑ መርፌ ራሱ ዝቅ ብሎ መቆም ነበረበት። ያለፈው ሰኞ ንባብ በዚያው ደብተር፣ ከምጽፍበት ገጽ ጀርባ ላይ ነበር። ገጹን አልገለጥሁም። ዶክተሩ ተናግሯል፣ ስሌቱ ከመጽሐፍ ነው፣ ውጭ አምስት ሰው ተራ ይጠብቃል። ደቂቃውን ጨመርሁ።

በዚያ ወር የሠራተኞች ስብሰባ ላይ አስተዳዳሪው አስነሣኝ። «ይህች ጓድ ዕቃ የለም ብላ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለእናቴም ነገርኋት።

መሪጌታው ግን ወዲያው አስተዋሉ። ዓይናቸውን ስገልጥላቸው፣ «ዛሬ አምስተኛውን መዝሙር ልፈጽም ስል ነው የቆመው» አሉኝ።

«ማሽኑ ደክሟል የኔታ። ያነሰውን እንዲያሟላ ጊዜ ጨመርንለት።»

«እኔ ፈጥኜ ደግሜ እንዳይሆን ብዬ ነው» አሉና ሻሻቸውን መጠምጠም ጀመሩ።

እስከ መጨረሻው ቀን እንዲሁ ቀጠልን። ከንፈራቸው ቀላ፣ ተላጠ፣ ቅርፊት ያዘ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ከገና በኋላ ለክትትል ሲመጡ ቅርፊቱ ረግፎ ከሥሩ ልስልስ ያለ ሮዝ ቆዳ ወጥቷል። ዶክተሩ በጣቱ ዳስሶ፣ «ጠፍቷል» አለ። ልጃቸው እዚያው ኮሪደር ላይ እጄን ሳመችው፤ ላስጥላት ብል አልሆነልኝም። መሪጌታውም ወደ ተማሪዎቻቸው ተመለሱ።

ሰኔ ላይ እንደገና መጡ። አፋቸውን በነጠላ ሸፍነዋል። ሲገልጡት የዳነው ቦታ መካከሉ ጠቁሮ ፈርሷል፤ ከሥሩ የመንጋጋ አጥንት ይታያል። ዶክተሩ ካንሰሩ ተመልሶ ነው ብሎ ቁራጭ ወስዶ አስመረመረ። መልሱ ሲመጣ ካንሰር የለበትም። የሞተ ሥጋ ብቻ ነው። በዚያው ወር ከእንፍራንዝ አንዲት ሴት በአፍንጫዋ ጫፍ ላይ ተመሳሳይ ነገር ይዛ መጣች። ከዚያ የከተማችን አንድ ዓሣ አስጋሪ በጆሮው መጣ። ዶክተሩ ሦስቱን ካርዶች ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ብዙ ሲያያቸው ዋለ።

«መጠኑ ልክ ነው» አለኝ። «በወረቀት ላይ ልክ ነው።»

በማግሥቱ ፈቃድ ሳልጠይቅ ወደ አየር ማረፊያው ሄድሁ። ምን እንደምፈልግ በደንብ አላወቅሁም፤ ባሮሜትራቸውን በዓይኔ ማየት ብቻ ነው ያሰብሁት። በስልክ የማውቀው ሰው እንደ ድምፁ ትሑት ነበር፤ የያዘውን ሥራ ትቶ አስገባኝ። ግድግዳው ላይ ረጅም የሜርኩሪ መለኪያ ተሰቅሏል።

«ይህ ነው» አለኝ። ጠጋ ብሎ አነበበልኝ፦ «ስምንት መቶ ሃያ።»

«ዛሬ ይህን ያህል ወረደ?»

«አልወረደም። ዘወትር ከዚህ ብዙ አይርቅም።»

«ለእኔ የሚነግሩኝ እኮ አንድ ሺህ ሃያ ነው።»

ፈገግ አለ። «እሱማ ለአብራሪዎች የምንሰጠው ነው። ከተማው በባሕር ወለል ልክ ቢሆን ኖሮ ግፊቱ ስንት ይሆን ነበር ብለን አስልተን ነው። ሁሉም አየር ማረፊያ እንደዚያ ነው የሚሰጠው። የሚደውል ሰው ሁሉ የሚፈልገው እሱን ስለሆነ…» እዚህ ላይ ፊቴን አየና ነገሩን አቋረጠ። «ለምን ነበር የፈለጉት?» አለኝ።

ከሆስፒታል እንደምደውል ያውቃል፤ ለምን እንደሆነ ግን እኔ ነግሬው አላውቅም፤ እሱም ጠይቆኝ አያውቅም። «ለአንድ ስሌት ነው» ብዬው ወጣሁ። እሱ ምንም አላጠፋም።

ሆስፒታል ስደርስ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ገለጥሁት። የሳጥኑ መርፌ ንባብ ከሰኞ ሰኞ፣ ባሮሜትሩ ከመሰበሩ በፊትም በኋላም፣ አንድ ነው ማለት ይቻላል። ቱቦው አንድም ቀን አልደከመም። የእኛን ስስ አየር እንደ ባሕር ጠረፍ አየር ቆጥሬ፣ ያልቀነሰውን ጨረር ቀነሰ ብዬ፣ ለዘጠኝ ሰዎች በየጊዜው ሩብ ያህል አብዝቼ ሰጥቻለሁ። የዘጠኙንም ካርድ የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ዶክተሩ ስነግረው ስሌቱን ራሱ ሠርቶ አየው። እርሳሱን አስቀመጠና በራሱ ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረ። የአገልግሎት ጊዜው ሊያልቅ አምስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። አስተዳዳሪው ዘንድ አብረን ገባን። ካድሬው እስክንጨርስ ሰማን፤ ዶክተሩን በአክብሮት አሰናበተውና እኔን አስቀረኝ።

«ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም። ለበሽተኞቹ ግን መንገር አለብን። ሌሎቹንም ፈልገን ማየት አለብን።»

«ስሚ» አለኝ። «ይህ ነገር ወደ ላይ ሲሄድ ስሕተት ተብሎ አይጻፍም። አሻጥር ተብሎ ነው የሚጻፍ። ሐኪሙ አገሩ ይገባል። የምትቀሪው አንቺ ነሽ፣ ከዚያ እኔ ነኝ። ቁጥሩን አስተካክለሽ ሥራሽን ሥሪ።»

ያን ጊዜ አሻጥር የሚለው ቃል የሚያስከትለውን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ፈራሁ። ሪፖርት አልጻፍሁም። ያደረግሁት ነገር ቢኖር የቀሩትን ስድስት ሰዎች ራሴ መፈለግ ነው። ሁለቱ ከከተማ ነበሩ፤ አንዱ ሞቷል፣ በምን እንደሞተ ቤተ ሰቡ አያውቅም። ሌላዋ በቀኝ ጉንጯ ላይ ቀዳዳ ይዛ ቤት ውስጥ ተቀምጣለች። የቀሩት አራቱ ከጎንደር ገጠር ናቸው። ለቀበሌዎቻቸው ደብዳቤ ጻፍሁ። መልስ አልመጣም፤ በዚያ ወራት መንገዱም በውጊያ ምክንያት በየጊዜው ይዘጋ ነበር።

መሪጌታው አሁን ጠቅልለው ዓባይ ማዶ ልጃቸው ቤት ገብተዋል። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እሷ ፋብሪካ ሽፍት ላይ እያለች ሄድሁ። የታችኛው ከንፈራቸው ግማሹ የለም። ከንፈር ለከንፈር መግጠም ስለማይችሉ «መ» እና «በ» ከአፋቸው ጠፍተዋል። ንግግራቸውን ለመስማት ጠጋ ብሎ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ እኔ ግን የተናገሩትን አንድም ቃል አልረሳሁም።

ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ስለ ባሮሜትሩም፣ ስለ ስልኩም፣ ስላልገለጥሁት ገጽም።

«ስንት ነው የበለጠው?» አሉኝ።

«በየቀኑ ሩብ ያህል ነው።»

ጥቂት አሰቡ። «አንድ መዝሙር ነዋ» አሉ። «ነግሬሽ ነበር።»

«ነግረውኛል የኔታ።»

ይቅር ይበሉኝ ልል ተንበረከክሁ፤ በእጃቸው ከለከሉኝ። «ተነሺ። ይቅርታውን እሰጥሻለሁ፤ እሱ አይከብድም። የሚከብደኝ ሌላ ነው» አሉ። በደብራቸው አካባቢ የድጓውን ዜማ በጥንቱ ስልት የሚያውቁ እሳቸው ብቻ መሆናቸውን፣ ሁለት ተማሪዎች ግማሽ ላይ ደርሰው እንደነበር፣ በዚህ ክረምት አንዱ እዚህ ድረስ እየመጣ ሊቀበላቸው ሞክሮ እንደነበር ነገሩኝ። «ማርያም ማለት ያልቻለ ምን ያስተምራል? ልጁ አፌን እያየ አለቀሰ። ሂድ አልሁት።»

ልነሣ ስል፣ «ለልጄ አትንገሪያት» አሉኝ። «ወደዚህ ያመጣችኝ እሷ ናት። ራሷን ትበላለች።»

እሺ አልሁ።

ስሕተቱን ካወቅሁ ጀምሮ በየሰኞው ለጣቢያው ሰው ስደውል፣ «የግድግዳውን ቁጥር ይስጡኝ» እለው ነበር። ስሌቱ ተስተካከለ። ለሦስት ሳምንት ያህል ልኬታችን ልክ ሆነ፤ ነገር ግን በነዚያ ሦስት ሳምንታት ለጨረር የሚሆን አንድም አዲስ በሽተኛ አልመጣም። በአራተኛው ሰኞ ማሽኑን ስከፍተው መርፌው ከዜሮ አልተነሣም። ቱቦው አሁን በእውነት ተቃጥሏል። መጠየቂያ ተጻፈ፣ ተፈረመ፣ ሄደ። ዶክተሩ ተሰናብቶ ሄደ፤ ምትክ አልመጣም። ክፍሏ ተቆለፈች፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የመፈክር ሰሌዳዎች ማስቀመጫ አደረጓት።

በሽተኞች ግን መምጣታቸውን አላቆሙም። ከደሴቶቹ በታንኳ፣ ከገጠር በእግራቸው ይመጣሉ። የምስር ፍሬ የሚያህል ቁስል ከንፈሩ ላይ ያለበት ገበሬ ፊቴ ይቆማል፤ ይህ በአምስት ሳምንት የሚድን እንደነበር አውቃለሁ። «አዲስ አበባ ይሂዱ» እላለሁ። አዲስ አበባም እንዲህ ያለ ማሽን እንደሌለ ዶክተሩ ነግሮኝ ነበር። ሌላ የምለው ስላጣሁ ነው።

መሪጌታው በሁለተኛው ዓመት በዐቢይ ጾም አረፉ። ምግብ መዋጥ አቅቷቸው እንደነበር ሰማሁ። አስከሬናቸውን በመኪና ወደ ደብራቸው ወሰዱት። እኔ አልሄድሁም፤ ተረኛ ነኝ ብዬ ቀረሁ፤ ተረኛ ግን አልነበርሁም።

ከዓመት በኋላ ፋብሪካው ሠራተኞቹን ለሳምባ ምርመራ በቡድን በቡድን ይልክ ጀመር። አንድ ጠዋት በሰልፉ ውስጥ ልጃቸው ነበረች። ከስታ ነበር፤ ጥቁር ለብሳለች። ስታየኝ ፊቷ በራ።

«እህቴ፣ ደህና ነሽ?» አለችኝ። «አባቴ እስኪሞቱ ድረስ ስምሽን ያነሡ ነበር። የደከመችልኝ እሷ ናት ይሉ ነበር። ያ በሽታ ባይተዋቸውም አንቺ የምትችይውን አድርገሻል። እግዚአብሔር ይስጥሽ።»

ከኋላዋ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ። ደረቷን ከራጁ ሰሌዳ ጋር አስጠግቼ ትከሻዋን ወደፊት ገፋ አደረግሁት። አገጯን ከፍ እንድታደርግ ነገርኋት። ከዚያ ከመከለያው ጀርባ ገባሁና፣ «ትንፋሽሽን ሳቢና ያዢ» አልኋት። ያዘች።